«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ማለቱ ይብቃን

ወገኖቼ፣ አባት እናትን ሲደበድብ፣ ቤት ሲፈርስ፣ ሰው ሲሞት ጥግ ይዞ የሚያየውን ልጅ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ብለን እናልፈዋለን። ይህን የምንለው ራሳችንን ለማጽናናት ነው።

አይረሳውም። ታሪኩን መናገር ባይችል እንኳ ሰውነቱ ይዞታል። ደጋግሞ የተሸበረ ልጅ አንጎሉ አደጋ መጠበቅ ይለምዳል። በር በኃይል ሲዘጋ ይበረግጋል፤ መምህሩ ሰሌዳ ሊያጠፋ እጁን ሲያነሳ ፊቱን በክንዱ ይከልላል። ትምህርቱ ስለማይገባው እኛ «ፈዛዛ» እንለዋለን፤ ሲገነፍል «ባለጌ»። ይበልጥ የሚያመኝ ግን በፍርሃት ደርቆ ድምፁ የጠፋውን ልጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ብለን ማመስገናችን ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ሐኪሞቹ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሜሪካ ውስጥ ከ9,000 በላይ ጎልማሶችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። ድብደባ፣ መደፈር፣ ሱሰኛ ወላጅና የመሳሰሉት፣ አራት ዓይነትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ ለመጠጥና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ከ4 እስከ 12 እጥፍ ተጋልጠው ተገኙ።

ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያው አልቆለታል» እንዳትሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ወርነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 በሃዋይ ካዋይ ደሴት የተወለዱ ሕፃናትን ለአሥርተ ዓመታት ስትከታተል፣ በከባድ ችግር ካደጉት ከሦስቱ አንዱ ያህል ደህና ሰው ሆኖ አገኘችው። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ የማይከዳቸው ሰው ማግኘታቸው ነበር፤ አያት፣ ጎረቤት፣ መምህር።

ያ ሰው እናንተ ሁኑ። «ያየኸውን ንገራቸው» እያላችሁ በየዘመዱ ፊት አታስተርኩት። ራሱ ሲጀምር ግን የያዛችሁትን አስቀምጣችሁ ስሙት፤ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት፣ ብዙ ልጅ ወላጆቹ የተጣሉት በእሱ ምክንያት ይመስለዋልና። ሲጮህ አብራችሁ አትጩሁ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እመጣለሁ ባላችሁበት ሰዓት ኑ። ቅዠቱና ድንጋጤው ከሳምንታት በኋላም ካልቀነሰ ባለሙያ ይየው።

የሚመታው ሰው ዛሬም አብሮት ካለ ከሁሉ በፊት ከዚያ እጅ አውጡት፤ መቺው ወንድማችሁም ቢሆን። እኛ «የቤት ገመና ነው» እያልን ስንሸፋፍን፣ ልጁ ዛሬም ማታ የሚያድረው እዚያው ቤት ነው።