እርማት፦ ቴም መልክ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ ደሴ ላለው የጨርቅ ነጋዴ «ቴሙ (የድረ ገጹ የገጽታ ጥቅል) ላይ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ክፍተት ቢገኝም አብሽር፤ ቴም መልክ ነው፣ ዳታቤዝ አይነካም፤ ደግሞም ድረ ገጽህ የቁልፍ ምልክት አለው» ብለህ መክረኸዋል። ኤስኪውኤል ዳታቤዝን፣ ማለትም የድረ ገጹን የመረጃ ማከማቻ፣ ማዘዣ ቋንቋ ነው፤ ኢንጀክሽን ደግሞ አጥቂ የራሱን ትእዛዝ በዚያ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው፣ ነጋዴውንም ያስጠቃዋል።

የዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ቴም ቀለምና ፊደል ብቻ ሳይሆን የፒኤችፒ (ሰርቨር ላይ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ኮድም ይዟል። ያ ኮድ ልክ እንደ ፕለጊን (ተጨማሪ ተግባር የሚሰጥ ቅጥያ) ዳታቤዙን ያነባል፣ ይጽፍበታልም። የፍለጋ ሳጥን ወይም የዕቃ ማጣሪያ ያለው ቴም ጎብኚው የጻፈውን እንዳለ ከኤስኪውኤል ትእዛዙ ጋር ከቀጠለው፣ ጽሑፉ ራሱ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ለመጀመር አንዲት የጥቅስ ምልክት የምትበቃበት ጊዜ አለ! በዚያ በኩል የደንበኞች ስልክ፣ የሽያጭ ዝርዝር፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ሃሽ (የይለፍ ቃሉ ተለውጦ የተቀመጠበት ቅርጽ) ሊወጣ ይችላል።

የቁልፍ ምልክቱ የሚያሳየው ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም የተመሰጠረ ግንኙነት፣ መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ይጠብቃል እንጂ የደረሰው ጥያቄ ክፉ ይሁን ደግ አይመረምርም። የአጥቂውንም ጥያቄ አመስጥሮ ያደርሰዋል።

«ሌላ ቴም ይቀይር» ያልከውም ብቻውን አይበቃም። የተተወው ቴም ፋይሎች ሰርቨሩ ላይ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹም በቀጥታ በአድራሻቸው ሊጠሩ ይችላሉ። ማሻሻያ ከወጣለት ዛሬውኑ ይጫነው፤ ካልወጣለት ጭራሽ ይሰርዘው። የማያውቀው የአስተዳዳሪ አካውንት ተፈጥሮ እንደሆነም ይፈትሽ፣ የይለፍ ቃሎቹን ይቀይር።

ኮምቦልቻ ያለው ባለሙያው ኮዱን ራሱ የሚያርም ከሆነ፣ ከጎብኚ የሚመጣውን ሁሉ ዎርድፕረስ ባዘጋጀው የ«ፕሪፔር» ፈንክሽን ያሳልፈው። ያኔ የጎብኚው ጽሑፍ እንደ ተራ እሴት እንጂ እንደ ትእዛዝ አይቆጠርም። እባክህ ምክርህን አስተካክልለት፤ የደንበኞቹ ስልክ እሱ ጋ የተቀመጠ አደራ ነው።