ላስቲክ የለበሰው ማሽን

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ውጭ አገር፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላብራቶሪ ማሽን እጠግናለሁ። ከዚያ ይሆናል፣ ላብ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሶኬቱ ነው።

ባለፈው ለእረፍት አገር ቤት ስገባ አንድ አብሮ አደጌ የሚያስተምርበትን ላብ አስጎበኘኝ። ጥግ ላይ ነጭ ላስቲክ የለበሰ ነገር ቆሟል። ገለጥ አድርጌ ሳየው ሴንትሪፉጅ ነው፤ ደም እያሽከረከረ ሕዋሱን ከፈሳሹ የሚለየው ማሽን። በእርዳታ የመጣ ነው። ክዳኑ ላይ "አይነካም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

"ስንት ጊዜው ነው?" አልኩት።

"ከመጣ ሦስት ዓመት። የሠራው አንድ ወር" አለና ሳቀ።

ፈታነው። የሞተችው ክዳኑ ሥር ያለችው ማብሪያ ናት። "ክዳኑ ተዘግቷል" ብላ ካልነገረችው ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ከተጣለ አሮጌ ዕቃ ላይ አንድ የምትመስላት ነቅለን ተካናት። ከሰዓቱን ሙሉ ሲሽከረከር ዋለ።

የገረመኝ መበላሸቱ አይደለም። ውጭ እኔ በምሠራበትም ማሽን በየቀኑ ይበላሻል። የገረመኝ ያቺን ማብሪያ መቀየር የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ለግዥ ክፍል ተጽፏል። ግዥ ለንብረት ክፍል መርቶታል። ንብረት ክፍል ደግሞ "የእርዳታ ዕቃ እኔን አይመለከተኝም" ብሏል። ደብዳቤዎቹን አየኋቸው፤ ማኅተማቸው የሚያምር ነው።

እዚህ እኔ ያለሁበት ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ይጮኻል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ሙቀቱ ከፍ ሲል ራሱ ይደውልልኛል። ውስጡ ያለው የአንዲት ተማሪ የአምስት ዓመት ልፋት ነው። እያዛጋሁ እነዳለሁ፣ ናሙናውን ወደ ሌላ ፍሪዘር አዛውራለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ጥናቱ ሲታተም ስሜ የለበትም። ቅር አይለኝም፤ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው። አገር ቤት የጠፋው እንግዲህ ይህ የሚደወልለት ሰው ነው። ጭንቅላቱማ ሞልቷል።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ16 ድሃ አገሮች ከ112 ሺህ የሚበልጡ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ፣ 38 በመቶ የሚሆኑት ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አግኝቷል።

ስለ ምርምር ሲወራ ሁሉም ግኝቱን ያወራል። ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ሁላችንም ሰምተናል። ያልተነገረን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የውጭዎቹ ተቋማት "የደኅንነት ምርመራው ደረጃውን በጠበቀ ላብራቶሪ ይሠራ" እያሉ እንዶድን ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የማዋሉ ነገር ዓመታት ፈጀ። ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። እኔ በሙያዬ ስለማውቀው ልንገራችሁ፤ ያ "ደረጃ" የሚሉት ነገር ግማሹ መዝገብ ነው። ሚዛኑ መቼ ተስተካከለ? ማቀዝቀዣው ትናንት ስንት ዲግሪ ነበር? ማን ፈረመ? ወንዙ ዳር ያየው ዓይን የእኛ ነበር። መዝገቡ ነው የሌሎች የሆነው።

ደግሞ አንችልም እንዳልል አፌን የሚይዘኝ ነገር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም መግነጢሳዊ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል የሚጋደምበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ብዙ አገሮች ምድርን በጋራ ባጠኑበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ ተከፈተ። የመሠረተው ፒየር ጉዋን የተባለ ካናዳዊ የካቶሊክ ቄስ (ኢየሱሳዊ) ነበር። ጣቢያው ለአሥርተ ዓመታት ሲለካ ኖሯል። በዚያው በ1958 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ። እሱም በ1964 በጀት ተቆርጦበት ለጥቂት ወራት ልኬቱ ተቋርጧል። እንደገና ቀጠለ፤ በ2005 ሲሞት ልጁ ተረከበው። ዛሬ ዓለም ስለ አየር ንብረት ሲከራከር የሚያወጣው ያ ሽቅብ የሚወጣ መስመር፣ ማሽኑ እንዳይቆም ከሚጨነቅ ሰው የተገኘ ነው።

ውጭውን ገነት አላደርገውም። ለኮቪድ ክትባት መንገድ የከፈተችውን ሳይንቲስት ካታሊን ካሪኮን የአሜሪካው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ አድርጓት ነበር፤ የምርምር ገንዘብ አላመጣችም ተብሎ። በ2023 ኖቤል ስትሸለም ያው ዩኒቨርሲቲ በኩራት ፎቶዋን ለጠፈ። ሞኝነት ፓስፖርት አይጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጌ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሴንትሪፉጁ እየሠራ ነው። አጠገቡ ላስቲኩ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል።

"ምነው አልጣልከውም?" ብዬ ጻፍኩለት።

"አይቻልም" አለኝ። "ንብረት መዝገብ ላይ አለ።"