«አማካይ ደመወዝ» የማን ደመወዝ ነው?

ሰሞኑን አንድ የግል ድርጅት፣ ስሙ ይቅርና፣ ጭማሪ የጠየቁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «የሠራተኞቻችን አማካይ ደመወዝ 30 ሺህ ብር ነው፤ ከገበያው በላይ እየከፈልን ነው» አላቸው። አንዷ ሠራተኛ እጇን አውጥታ «ሚዲያኑስ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ደመወዛችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ቢደረደር ልክ መሀል ላይ የሚውለው ስንት ነው ማለቷ ነው። የተሰጣት መልስ ነው ደሜን ያፈላው፦ «ሚዲያን ተራውን ሠራተኛ ያደናግረዋል። አማካይ ግን ለሁሉም ይገባል።»

ያደናግረዋል? አማካይ ለማውጣት መደመርና ማካፈል ያስፈልጋል። ለሚዲያን ግን መሰለፍ ይበቃል። ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል በቁመት የተሰለፈ ልጅ ሁሉ ይገባዋል። አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ፣ ልክ መሀል ላይ የቆመው ሚዲያኑ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን የሚሠራውን ነገር ለደመወዝተኛ ይከብደዋል ማለት ምን የሚሉት ንቀት ነው?

እስቲ ዘጠኝ ሰው የሚሠራበት አንድ ቢሮ እናስብ። ደመወዛቸው በሺህ ብር 6፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 12፣ 32 እና 180 ነው። ባለ 180ው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደምሩት፣ 270 ይመጣል። ለዘጠኝ ሲካፈል 30። ይኸውላችሁ «አማካይ ደመወዝ 30 ሺህ ብር»! ከዘጠኙ ሰባቱ ግን ከ12 ሺህ አያልፉም። 30 ሺህ የሚከፈለው ሰው ደግሞ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም።

አሁን ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ እየሰረዛችሁ ወደ መሀል ኑ። 6 ከ180 ጋር ይውጣ፣ ሌላው 6 ከ32 ጋር፣ 7 ከ12 ጋር፣ 8 ከ10 ጋር። የቀረው 9 ነው። በቃ፣ ሚዲያኑ 9 ሺህ ብር ነው። አሥረኛ ሰው በ7 ሺህ ቢቀጠር መሀል ላይ 8 እና 9 ይቀራሉ። የሁለቱን አጋማሽ ትወስዳላችሁ፣ 8 ሺህ 500። አለቀ።

(መጀመሪያ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ግን ግድ ነው። በስም ፊደል ተራ ከተጻፈ የደመወዝ ሊስት መሀል ላይ ያለውን አንስቶ «ሚዲያን» የሚል ጉድም አይቻለሁ።)

ወደ ዘጠኙ እንመለስ። ሥራ አስኪያጁ የራሱን ደመወዝ በእጥፍ አሳደገ እንበል፣ 360 ሺህ። የሌላው ሰው ደመወዝ አምስት ሳንቲም አልተነካም። አማካዩ ግን ዘሎ 50 ሺህ ይገባል። ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ «የሠራተኞቻችን አማካይ ደመወዝ በ67 በመቶ አደገ» ተብሎ ይጻፋል፣ ይጨበጨባል፣ ኬክ ይቆረሳል። ሚዲያኑ እዚያው 9 ሺህ ላይ ነው። አለቆች ሚዲያንን የሚጠሉት ስለሚያደናግር ሳይሆን ስለሚያጋልጥ ነው። ይህን ማንም አያስክደኝም።

እሺ፣ አማካይ ለሒሳብ ክፍሉ ይጠቅማል። በሠራተኛው ብዛት ሲባዛ የወሩን ጠቅላላ ወጪ ይሰጣል። እዚያው ሒሳብ ክፍል ይቀመጥ።

ነገሩ የአንድ ድርጅት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አድጓል። ታችኛው 26 በመቶ፣ ላይኛው 81 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ «በአማካይ ይህን ያህል ተጨመረ» የሚል ሰው ለታችኛው አይናገርለትም። የነፍስ ወከፍ ገቢያችን ከ1 ሺህ ዶላር አለፈ ሲባልም ያው ነው። የአገሩ ምርት ሁሉ ተደምሮ ለሕዝቡ ቁጥር ይካፈላል፣ የባለ ሕንፃውና የሊስትሮው ድርሻ በወረቀት ላይ እኩል ይሆናል። ቢሊየነር የሞላባት አሜሪካ እንኳ የቆጠራ ቢሮዋ የቤተሰብ ገቢን ሲያሳውቅ የሚያስቀድመው ሚዲያኑን ነው። በፈረንጆቹ የ2023ቱ 80,610 ዶላር ነበር።

የሚገርመው እኛም ሚዲያንን እናውቀዋለን። የሕዝባችን ወጣትነት ሲወራ «የኢትዮጵያውያን መካከለኛ ዕድሜ 19 ዓመት አካባቢ ነው» እንላለን። ሚዲያን ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ግማሹ ሕዝብ ከዚያ በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ። ያኔ አደናገረኝ ያለ ባለሥልጣንም ሆነ አለቃ አልሰማሁም። የሚከብዳቸው ወሬው ወደ ብር ሲዞር ነው።