የምሥራቅ ኢትዮጵያ የፋንታሲ አንባቢ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዙር

ድሬዳዋ ውስጥ ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበትን ልብ ወለድ፣ በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ የሚያነቡት በስልካቸው ነው፤ መጻሕፍቱን በቴሌግራም ይለዋወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጠው ስለ ዘንዶና ስለ ዙፋን ይከራከራሉ። ቀጥሎ ምን ልታነቡ አስባችኋል ተብለው ሲጠየቁ ግን የሚጠቅሱት መጽሐፍ፣ በእኔ ትዝብት፣ ራሳቸው የመረጡት ሳይሆን ቴሌቪዥን የመረጠላቸው ነው። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የዙፋኑን ታሪክ አምስተኛ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በመጽሐፎቹ ላይ የተመሠረተው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በ2019 ቢጠናቀቅም ስድስተኛው መጽሐፍ እስካሁን አልወጣም። ሌላው የፋንታሲ ደራሲ ፓትሪክ ሮትፈስም የተከታታይ ታሪኩን ሁለተኛ መጽሐፍ በዚያው በ2011 ካወጣ ወዲህ ሦስተኛውን አንባቢ እንደጠበቀ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ መጠበቅ ከጀመሩት ልጆች መካከል ዛሬ ልጅ ወልደው የሚያሳድጉ አሉ።

መጠበቅ በራሱ ነውር የለበትም። ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረውን ተከታታይ ሳይጨርስ በ2007 ሲሞት፣ ብራንደን ሳንደርሰን ደራሲው ከተዋቸው ማስታወሻዎች ተነሥቶ በ2013 በ14ኛው መጽሐፍ ደምድሞታል፤ ያን ያህል ዘመን የጠበቀ አንባቢም አላፈረም። የእኔ ቅሬታ የወረፋው መርዘም አይደለም፤ ከወረፋው ፊት የሚቆመው መጽሐፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ በረዶ፣ የድንጋይ ግንብ፣ የሰሜን አውሮፓ ደን፣ ርስትና ዘውድ የሚናጠቁ መሳፍንት። ለድሬዳዋና ለሐረር አንባቢ ከዚህ ይልቅ የሚቀርብ የፋንታሲ ዓለም አለ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት ተጽፈውበታል። እሱም የቀይ ባሕር፣ የአደን ባሕረ ሰላጤና የሕንድ ውቅያኖስ ዓለም ነው። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ስለደረሰ ነው፤ በሐዲዱ ከወደቡ የሚለያት መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሐረርም ከባቡሩ በፊት ለዘመናት በግመል ቅፍለት ከዘይላና ከበርበራ ጋር ስትነግድ ኖራለች፤ ቡናዋ ወደዚያ ሲወርድ ጨርቁና ኪታቡ ከዚያ ይመጣላት ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ አንባቢ ፊቱን ወደ ባሕሩ ቢያዞር፣ የሚያነበው ነገር ከብዙ ሰው ቀድሞ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ ካነበብኳቸው መካከል ይህን እምነቴን ያጸናልኝ ሻነን ቻክራቦርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተመችው የአሚና አል-ሲራፊ ጀብዱዎች ታሪክ ነው። አሚና በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስሟ ሲጠራ ነጋዴውን ሁሉ ያስደነግጥ የነበረች የመርከብ አዛዥ ናት፤ ታሪኩ ሲጀምር ግን ከባሕር ዝርፊያ እጇን ሰብስባ፣ በደቡብ ዓረቢያ ጠረፍ ተሸሽጋ አንድ ልጇን ታሳድጋለች። አንዲት የአደን ባለጸጋ አሮጊት መጥታ የልጅ ልጄን አንድ ፈረንጅ ወስዶብኛልና ፈልገሽ አምጪልኝ ትላታለች፤ በአንድ እጇ ብዙ ወርቅ፣ በሌላው ማስፈራሪያ ይዛ ነው የመጣችው። አሚና የቀድሞ ባልደረቦቿን አንድ በአንድ ታሰባስባለች። የባሕር ካርታ አዋቂ የሆነውን ወዳጇን ከሞቃዲሾ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ መሐል አስነሥታ ታሳፍረዋለች፤ ጉዞውም ወደ ሶቆጥራ ደሴት ያመራል። ጂኒ፣ የባሕር አውሬና አስማት በየምዕራፉ አለ። እኔን የያዘኝ ግን እነርሱ አይደሉም፤ ጉልበቷን የሚያማት፣ ያለፈ ኃጢአቷ ሶላቷ ላይ የሚመጣባት፣ ልጇን ጥላ በመውጣቷ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣት የጎለመሰች እናት የዚህ ሁሉ ባለቤት መሆኗ ነው።

ታሪኩን የምትተርከው ራሷ አሚና ስትሆን ከጎኗ የሚጽፍላት ጸሐፊ አለ፤ እሱም አልፎ አልፎ ጣልቃ እየገባ ያርማታል ወይም ይከራከራታል። ይህ አቀራረብ እዚህ አካባቢ ምን ያህል እንደሚሠራ ያየሁት አንድ ጓደኛችን መጽሐፉን በርጫ ላይ ሲተርከው ነው። አንብበውት ከማያውቁት አድማጮች አንዲት ትልቅ ሴት ስለ ባሕሩ አውሬ ሲነገር ጫቷን እየቀነጠበች ዝም ብላ ቆየችና፣ አሚና መርከቧን ወደምታስነሣበት ላይ ሲደርስ «ልጅቷንሳ ለማን ትታ ነው የወጣችው?» አለች። ለእናቷ እንደሆነ ሲነገራት «ይሁና!» ብላ እንዲቀጥል ፈቀደች። በእኔ ግምት ደራሲዋ መጽሐፉን ስትጽፍ ልትሰማው የምትመኘው ጥያቄ ይህ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የካይሮው ዓለም ነው። ፒ. ጄሊ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመውና ለሳይንስ ልብ ወለድና ለፋንታሲ የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማት ያገኘው ረጅም ልብ ወለድ የሚካሄደው በ1912 ካይሮ ነው፤ ጂኒዎች ከሰው ጋር ተቀላቅለው ይኖራሉ፣ ግብፅም በእነርሱ ብርታት እንግሊዞችን አስወጥታ ኃያል መንግሥት ሆናለች፣ አስማት ነክ ወንጀልን የሚመረምር መሥሪያ ቤትም አላት። እኔ ግን ከረጅሙ ይልቅ በ2019 የወጣውን አጭሩን እመርጣለሁ። እዚያ አንድ የከተማ ባቡር መናፍስት ይሰፍርበትና ሁለት መርማሪዎች እንዴት እንደሚያስለቅቁት ጭንቅ ይገባቸዋል። ዘመኑ ድሬዳዋ ገና በሐዲዱ ዙሪያ ቤት ስትሠራ የነበረበት ነው። የድሮውን የባቡር ጣቢያና ወርክሾፑን ያየ ሰው፣ ቆመው የቀሩትን ሎኮሞቲቮች ዘይትና ዝገት የተቀላቀለበት ሽታ ያሸተተ ሰው፣ ባቡር ውስጥ መንፈስ ገባ ሲባል ለማመን ብዙ አይቸገርም።

የባሕሩን ዳር ስመርጥ አፍሪካዊ የሆነ ፋንታሲ ሁሉ ለእኛ ቅርብ ነው ማለቴ አይደለም። ማርሎን ጄምስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የነብሩና የተኩላው መጽሐፍ በአፍሪካ ተረትና አፈ ታሪክ ላይ የተገነባ ኃይለኛ ሥራ ቢሆንም አንባቢን ሆን ብሎ የሚያደክም ነው፤ ጭካኔው ፋታ አይሰጥም። አንድ ነገር በተለይ ከነከነኝ። ወደ ጅብነት የሚለወጡ ሴቶች ዋናውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ያሠቃዩትና አንድ ዓይኑን ያሳጡታል፤ ጅብ እዚያም የክፋት ሁሉ ማደሪያ ነው። በእርግጥ በእኛም ዘንድ ቡዳ ጅብ ይሆናል ይባላል፤ ሶማሌዎችም ሰውነቱን በበትር አሽቶ ጅብ ስለሚሆን ሰው ይተርካሉ። ሐረር ግን ሌላ ታሪክ አላት። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ ላይ ከሰዎቹ በሮች ሌላ ለጅቦች መተላለፊያ የሚሆኑ ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ የሚያጎርሷቸው ሰዎች አሉ፤ በአሹራ ዕለት ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል፤ ሳይበሉት ከሄዱ መጪው ዓመት ያሠጋል ይባላል። ለጅብ በር የከፈተ ከተማ በየትኛውም የፋንታሲ መጽሐፍ ውስጥ አላጋጠመኝም። ስለዚህ የጄምስን ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ያንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2022 በጠንቋይዋ አንደበት የተረከበትን፣ ከወረፋዬ ባላወጣውም ወደ ኋላ ገፋ አድርጌዋለሁ።

አሁን በእጄ ያለው፣ ቀስ እያልኩም የማነበው፣ የሶፊያ ሰማተር የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ በ2014 የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን ያገኘው ይህ መጽሐፍ ኦሎንድሪያ ወደምትባል ምናባዊ አገር ስለሚሄድ እንግዳ ወጣት ይተርካል። ደራሲዋ አሜሪካዊት ስትሆን አባቷ፣ የታሪክ ምሁሩ ሰዒድ ሰማተር፣ የተወለዱት በኢትዮጵያ ኦጋዴን ነው፤ የሶማሌን የቃል ግጥም በማጥናት ይታወቃሉ። ይህን የማነሣው ለዘመድ ቆጠራ አይደለም፤ መጽሐፉ የቆመው የአባትየው ጥናት በቆመበት ጥያቄ ላይ ስለሆነ ነው።

ባለታሪኩ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። የሚኖርበት ደሴት መጽሐፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ አባቱ ከኦሎንድሪያ ያመጣለት አስተማሪ ፊደል ያስቆጥረዋል፣ ልጁም በዚያች አገር መጻሕፍት ፍቅር ይወድቃል። አባቱ ሲሞት ንግዱን ተረክቦ ወደሚያልማት አገር በመርከብ ይሄዳል። በመርከቡ ላይ በማይድን በሽታ የምትሞት አንዲት የአገሩን ልጅ ይተዋወቃል፤ ፊደል አልቆጠረችም። ከሞተች በኋላ መንፈሷ ሌሊት ሌሊት እየመጣ መከራውን ያሳየዋል፤ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታሪኬን ጻፍልኝ፣ መጽሐፍ አድርገኝ። በሚያመልካት አገር ደግሞ መንፈስ አየሁ የሚል ሰው ይታሰራል፤ የተጻፈውን ቃል ብቻ የሚያከብሩ ካህናት የቃል ባህል ከሚከተሉት ጋር ጠብ ላይ ናቸው፤ ወጣቱም ሳያስበው በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ዘንዶ የለም፣ ጦርነቱ ከሩቅ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ረጅምና በምስል የከበደ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ገጽ መግለጥ የለመደ አንባቢ ሊሰለች ይችላል፤ እኔም መሐሉ ላይ በኦሎንድሪያ የሚከበረው በዓል መግለጫ ረዝሞብኛል። ነገር ግን ሰማተር የያዘችው ነገር እዚህ አካባቢ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ሶማሊኛ በመንግሥት ደረጃ የላቲን ፊደል የተወሰነለት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ከዚያ በፊት ትልልቆቹ ግጥሞች ይኖሩ የነበሩት በዋነኛነት በሰው ራስ ውስጥ ነበር። ሐረር በአንጻሩ የእጅ ጽሑፍ ከተማ ናት፤ ኪታብ ይገለበጥባታል፣ በቆዳ ይጠረዝባታል፣ ሐረርኛውም በዓረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ሁለቱም ዓለም አለ። አያቱ ያልተጻፈ ግጥም በቃሏ የምትወጣ፣ እሱ ግን በስልኩ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚያነብ የድሬዳዋ ልጅ፣ ያች መንፈስ ለምን እንደምትጮህ አስረጂ አያስፈልገውም።

ይህን ስል የሚነሣብኝ ተቃውሞ አለ፤ ጠንካራም ነው። ፋንታሲ የምናነበው ከሙቀቱ፣ ከአቧራውና ከኑሮው ለመራቅ ነው፤ ቅርባችንን ለማንበብ ከሆነ ፋንታሲ ምን ያደርግልናል ይሉኛል። የሩቁ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ያስተማረን፣ የማንበብ ትዕግሥትም የሰጠን መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ መራቅ የሚለካው በበረዶ አይደለም። ኡርሱላ ሌጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያውን የምድረ ባሕር መጽሐፍ ስትጽፍ ፍጹም ምናባዊ የሆነ የደሴቶች ዓለም ፈጠረች፤ ጠንቋዩን ጀግናዋን ግን ቆዳው ጠይም አደረገችው፤ አብዛኛው የዚያ ዓለም ሕዝብም ጠይም ነው። በ2004 የወጣው የቴሌቪዥን ድራማ ጀግናውን ነጭ ሲያደርገው በአደባባይ ተቃውማ ጽፋለች። ከዚያ መጽሐፍ የራቀ ዓለም ማግኘት ያስቸግራል፤ ያም ሆኖ ከውስጡ የእኛን መልክ ለማውጣት ምክንያት አልነበረም።

ወደፊት በማነባቸው መካከል ቅድሚያ የሰጠሁት ሰማተር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችውን፣ በዚያው ዓለም ስላሉ አራት ሴቶች የሚተርከውን መጽሐፍ ነው። የአሚናን ተከታይም እጠብቃለሁ። የሳንደርሰን በታኅሣሥ 2024 የወጣው፣ ከ1,300 ገጾች በላይ ያለው መጽሐፍ ጓደኞቼን እያስመሰገነ ነው፤ በስልክ ማያ ላይ ያን ያህል ገጽ መግፋት ግን ለዓይኔ ይከብደኛል።

አሁን ያለው ችግር ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱም በድሬዳዋ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አለመገኘቱ ነው። የፖለቲካ ማስታወሻ፣ የሕይወት ስኬት ምክርና የትምህርት መርጃ ሞልቷል፤ ፋንታሲ የፈለገ ሰው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይማጸናል፣ አለበለዚያ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፋይል ያወርዳል፤ ይህም ደራሲዎቹን ይጎዳል። አማርኛ አንባቢ ለዚህ ዓይነቱ ነገር አይመጥንም የሚል አሳታሚ ካለ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ያስታውስ፤ ሳይንስንና ምስጢርን ከጣና ገዳማት ጋር ያጋመደው ያ መጽሐፍ በተደጋጋሚ እየታተመ ተሽጧል። ለሙከራ ዐሥር ቅጽ ያለውን ተከታታይ መጀመር አያስፈልግም። አጭርና ያለቀ ሥራ መርጦ፣ መብቱን በወጉ ገዝቶ፣ በአማርኛ ማውጣት ይቻላል፤ ለዚህ ከካይሮው ባቡር ታሪክ የተሻለ አላየሁም። ተርጓሚው ድሬዳዋ ድረስ ይምጣና ስለ ባቡሩ አካላት አጠራር ከመዝገበ ቃላት ጋር ከመታገል ይልቅ በወርክሾፑ ሲሠሩ የኖሩትን አዛውንት ይጠይቅ፤ መንፈሱ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚደበቅም ሳይጠየቁ የሚነግሩት ይመስለኛል።