«ክኒኑን ጣሉት» ለምትሉን

ሰሞኑን በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዞረውን ቪዲዮ ሳታዩት አልቀራችሁም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ አንድ ፍሬ ክኒን ወደ ካሜራው ያስጠጋል። «ይህ የልብ መድኃኒት እንቅልፍ ይነሳችኋል» ይላል። «እንቅልፍ ያጣ አንጎል ይረሳል። የልጆቻችሁ ስም ሳይጠፋባችሁ ጣሉት!» ከዚያ ክኒኑን ይወረውረዋል። ቪዲዮው ያልቃል።

አክስቴ አይታዋለች። 68 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊቷና ለልብ ምቷ የታዘዘላትን አቴኖሎል ዘጠኝ ዓመት ስትውጥ ኖራለች። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ሰውዬው ስሟን ጠርቶ የነገራት ያህል ተሰማት። በማግስቱ አቆመች። ለልጆቿም አልተናገረችም። በአሥረኛው ቀን ሌሊት ልቧ እየደለቀ፣ ደረቷን ጨምድዶ ይዟት፣ ላብ በላብ ሆና ድንገተኛ ክፍል አደረስናት። ተርፋለች፤ ተመስገን። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቤታ ብሎከር የሚባሉትን፣ የልብ ምት የሚያዘገዩትን መድኃኒቶች፣ አቴኖሎልን፣ ሜቶፕሮሎልን፣ ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉትን፣ በአንድ ቀን ቆርጦ መተው አደገኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአቴኖሎል መግለጫ ወረቀት ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ በሳጥን ተከቦ ነው የሚታተመው። ልብ ለዓመታት ልጓም ገብቶለት ኖሯል። ልጓሙ ባንዴ ሲወልቅ ይጋልባል። የደረት ሕመም ይመጣል፤ ሲብስ ሃርት አታክ ይመጣል። ሐኪም መድኃኒቱን ሊያስቆም ሲፈልግ እንኳ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «ጣሉት» አይልም። የማያውቅ ደግሞ ጋውን ለብሶ ሕዝብ ፊት መቅረብ የለበትም።

ከሁሉ ያናደደኝ ማስረጃ ብሎ ያመጣው ነገር ነው። «አውሮፓውያኑ ራሳቸው አይጠቅምም ብለው ትተውታል» ይላል። የትኛውን እንደሚል አውቃለሁ። በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2017 መጨረሻ ማድሪድ ላይ በተደረገው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ጉባኤ አንድ ትልቅ ጥናት ቀርቦ ነበር። ስፔንና ጣልያን ውስጥ 8,500 ያህል ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። የተጠኑት ሃርት አታክ ይዟቸው የዳኑ፣ ልባቸው ግን ደም የመርጨት አቅሙ ብዙ ያልተጎዳ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ቤታ ብሎከር የጨመረላቸው ነገር አልተገኘም። ይኸው ነው። ጥናቱ ልባቸው ደክሞ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሰዎች አልተናገረም። የልብ ምታቸው ስለሚዛባውም አልተናገረም። ሃርት አታክ ይዟት ስለማታውቀው አክስቴማ ጭራሽ አልተናገረም። ደግሞ በዚያው ጉባኤ ከኖርዌይና ከዴንማርክ ሌላ ጥናት ቀርቧል። እሱ ተመሳሳይ ሕመምተኞችን አጥንቶ ጥቅም አግኝቷል። ሰውዬው አንዱን አንስቶ ሌላውን ደበቀ። ግማሽ እውነት ይዞ የሰው ልብ ላይ መቀለድ ይህ ነው።

ስለ እንቅልፉ የተናገረው ላይ ጥቂት እውነት አለ። አልክድም። ሲመሽ አንጎላችን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ ሜላቶኒን ታመነጫለች። «መሸ፣ ተኛ» የሚለው መልእክት እሱ ነው። ቤታ ብሎከር ያንን መልእክት ያደክመዋል። ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ቅዠት ያስቸግራቸዋል። ግን እዚህ ላይ ሐኪሞች ምን አደረጉ? ቦስተን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ትንሽ ሙከራ አለ። አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስዱ 16 የግፊት ሕመምተኞች ክኒናቸውን ሳያቆሙ፣ ከፊሎቹ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሜላቶኒን ተሰጣቸው። እንቅልፋቸው ካልተሰጣቸው ሰዎች በ36 ደቂቃ ያህል በለጠ። 16 ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ግን መፍትሔ እንዳለው ያሳያል። ክኒኑ ቦታው ላይ ሆኖ እንቅልፉ ተመለሰ።

ቀጥሎ የእንቅልፍና የመርሳት ነገር። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ስለሚሉት በሽታ ማለቴ ነው። ለንደን ውስጥ 8,000 ያህል የመንግሥት ሠራተኞችን ለ25 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ያለማቋረጥ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት፣ ሰባት ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ በዲሜንሺያ የመያዝ ዕድላቸው በ30 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ከባድ ነገር ነው፤ እቀበላለሁ። ግን እዚያ ውስጥ «ክኒን ጣሉ» የሚል ቃል የት አለ? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ዲሜንሺያን ሊከላከሉ የሚችሉ ነገሮችን ሲዘረዝር 14 ጉዳዮችን አስቀምጧል። የደም ግፊት አለበት። ኮሌስትሮል አለበት። እንቅልፍ ማጣት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሰውዬው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ለማዳን፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ልቀቁት እያለን ነው።

የልብ መድኃኒቱ ራሱ አንጎል ይጎዳል የሚለውስ? የተገኘው ተቃራኒው ነው። ስቶክሆልም የሚገኘው ካሮሊንስካ የተባለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ዲሜንሺያ የያዛቸውን 88 ሺህ ያህል አዛውንቶች ካልያዛቸው 880 ሺህ ያህል ጋር አስተያይቶ ነበር። የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶችን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱት የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ቤታ ብሎከር የሚወስዱ 69 ሺህ ያህል ሰዎች ተጠንተዋል። ወደ አንጎል ዘልቀው የሚገቡትን ዓይነቶች የወሰዱት፣ ከማይገቡት ይልቅ አልዛይመር በሚባለው የዲሜንሺያ ዓይነት የመያዛቸው ዕድል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው «አንጎል ይገባል!» እያለ የሚያስፈራራበት ዓይነት ነው እንግዲህ ይሄ።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አባቶቻችን ያለ ክኒን ነው የኖሩት» ይለኛል። እንዴት ነው የኖሩት? በየመንደራችን አፉ ተጣሞ «ምች መታው» የተባለ ሰው አልነበረም? አንድ ጎኑ ተይዞ አልጋ ላይ የቀረ አልነበረም? አመሻሽ ላይ ከቤት ወጥቶ መንገዱ የጠፋበት፣ ሚስቱን «ማን ነሽ?» ያለ፣ «ዕድሜ ነው፤ ጃጀ» ተብሎ የታለፈ ስንት ሰው ነበር? ያ ሁሉ ዕድሜ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ውስጥ ግፊት ያመጣው ብዙ ነው። ግፊት አንጎል ውስጥ ጠልቀው ያሉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ያደነድናል፣ ይደፍናል። ሰውየው የማያውቃቸው ትንንሽ ስትሮኮች ይደራረባሉ። አያምም፣ አይጮኽም። ዓመታት ይሄዳሉ፤ አንድ ቀን ወጥ ምድጃ ላይ ጥዶ ይረሳል። እኛ ስም ስላላወጣንለት አልነበረም ማለት አይደለም።

እኔን ከሁሉ ያሳመነኝ ግን የቻይና ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ነው። ያላነበበው ሰው ስለ ልብና ስለ መርሳት ባይናገር ደስ ይለኛል። 326 መንደሮች ተመረጡ። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ፣ ግፊታቸው አልወርድ ያላቸው ወደ 34 ሺህ ሰዎች ነበሩ። መንደሮቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንዱ ወገን ሕክምናው እንደ ወትሮው ቀጠለ። በሌላው ወገን የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ሥልጠናና ቅደም ተከተሉ የተጻፈ መመሪያ ተሰጠው። እነዚህ ሠራተኞች እንደ ትልቅ ሐኪም የተማሩ አይደሉም። ክኒኑ በነፃ ወይም በቅናሽ ቀረበ። ግፊት መለኪያ ቤት ድረስ ገባ። ግቡ ግፊትን ከ130 በ80 በታች ማውረድ ነበር። አራት ዓመት ሄደ። ግፊታቸው በወረደላቸው መንደሮች ዲሜንሺያ በ15 በመቶ ቀነሰ።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። «ክኒን የሚውጡ ሰዎች ቀድሞም የተማሩና ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚባልበት ዓይነት ጥናት አይደለም። በዕጣ ነው የተከፈሉት። የተፈተነው አንድ የተለየ ክኒን አልነበረም። የተፈተነው ግፊትን ማውረድና ወርዶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። የሠሩትም ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ በየቤቱ አንኳኩተው «ዛሬ ወስደሻል?» እያሉ። ይህን ሳነብ የመጡብኝ የእኛ ጤና ኤክስቴንሽኖች ናቸው። ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ወሊድ ጤና ጣቢያ አድርሰዋል፣ ሕፃናትን አስከትበዋል። መንደራቸውን ያውቃሉ። የእማማን ጓዳ ያውቃሉ። ግፊት መለኪያና ያልተቋረጠ መድኃኒት ስጧቸው፤ ቻይና የቻለችውን የማንችልበት አንድም ምክንያት አይታየኝም። አንድም። ይህን ልናደርግ ስንችል፣ እጃችን የገባውን ክኒን ሳይቀር ጣሉት የሚል ሰው መቶ ሺህ «ላይክ» ያገኛል። በጣም ያመኛል።

ሰዎች ለምን እንደሚሰሙት ግን ይገባኛል። አክስቴ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» ያላት ሰው አልነበረም። ቀጠሮዋ ሲደርስ ከንጋቱ ተነስታ ትሰለፋለች። ግፊቷ ይለካል፣ ካርዷ ላይ ይጻፋል፣ የሦስት ወር መድኃኒት ይታዘዝላታል። አምስት ደቂቃ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ስለ እንቅልፏ ያነሳላት የመጀመሪያው ሰው ነው። ለዚህ ነው ያመነችው።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ወጣት ሐኪም ግን ጠየቀቻት። ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለች፣ ስንት ጊዜ ትነሳለች፣ ቡና እስከ ስንት ሰዓት ትጠጣለች። ያንን ሌሊት መድኃኒቷን አስጀመረቻት። በኋላ በክትትል ቀስ ብለው ወደ ሌላ ዓይነት ቀየሩላት። ማታ ትወስደው የነበረውን የሽንት ክኒን፣ ላሲክሱን፣ ወደ ጠዋት አመጡት። ለካስ ሦስት ጊዜ ከአልጋ የሚያስነሳት እሱ ነበር! ሰዓት መቀየሩ ልቧን ይጎዳ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ከ21 ሺህ በላይ የግፊት ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 መልሱን ሰጥቷል። የግፊት መድኃኒት ጠዋትም ተወሰደ ማታ፣ ለሃርት አታክና ለስትሮክ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ሐኪምን «ሰዓቱን እንቀይረው?» ማለት ይቻላል። «ዓይነቱን እንቀይረው?» ማለትም ይቻላል። መብታችን ነው።

የጤና ሚኒስቴር ሰዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። የግፊትና የልብ ክትትል ካርድ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። «እንቅልፍ» የሚል። ቁጥሩ ከግፊቱ ጎን ይጻፍ። ወጪው ቀለም ነው።

ቪዲዮው እስካሁን አልወረደም። ባለፈው ሳምንት አክስቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝና «ጻፍልኝ» አለችኝ። ከሥሩ አስተያየት ጻፍንለት። «አሥር ቀን አቁሜ ልሞት ነበር። ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትጥሉ» የሚል ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ። ትናንት እንደገና ጻፍነው።