የህዋስን ቲዎሪ ስናስተምር ሬማክን ለምን እንዘላለን?

የህዋስ ቲዎሪ በትምህርት ቤት በሦስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ ሕይወት ያለው ሁሉ ከአንድ ወይም ከብዙ ህዋሳት የተሠራ ነው፤ ህዋስ የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው፤ ህዋስ የሚገኘው ቀድሞ ከነበረ ህዋስ ነው። ከጎናቸው የጀርመን ሳይንቲስቶቹ ሽላይደን፣ ሽቫንና ፊርሾ ይሰለፋሉ፤ ተማሪው ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ሦስተኛው መርህ ግን ከሁለቱ ጋር አብሮ አልተወለደም። እንዲያውም ሁለቱን ያቆሙት ሰዎች የሚያምኑት ተቃራኒውን ነበር። የሦስተኛው ማስረጃ ሮበርት ሬማክ የተባለ ሳይንቲስት ነው ያቀረበው።

ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 በስስ የቡሽ ቁራጭ ላይ ያየው የሞቱ ህዋሳትን ግድግዳ ብቻ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውን በ1831 በኦርኪድ አበባ ህዋሳት ውስጥ ኒውክሊየስን (የህዋሱን እምብርት) ለይቶ ስም ሰጠው። ሽላይደን በ1838 ስለ ዕፅዋት፣ ሽቫን በ1839 ስለ እንስሳት ጻፉ። አዲስ ህዋስ ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ጨው ክሪስታል ይረጋል ብለውም አስተማሩ፦ መጀመሪያ ኒውክሊየሱ፣ ቀጥሎ በዙሪያው ሽፋኑ።

ስህተቱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ሽላይደን ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ የአበባ ተክል የፅንስ ከረጢት (የተክሉ ፅንስ የሚያድግበት ክፍል) ነው። በብዙ ተክሎች እዚያ ውስጥ ኒውክሊየሶች አስቀድመው ይበዛሉ፣ ግድግዳ የሚሠራው በኋላ ነው። ይህን ብቻ ላየ ሰው የእሱ ድምዳሜ አሳማኝ ነው።

የፈሳሹን ሐሳብ የተቃወመው በርሊን የነበረው ሬማክ ነው። በ1841 በጫጩት ሽል ደም ውስጥ ለሁለት የሚከፈሉ ህዋሳትን አየ። ቀጥሎም የእንቁራሪት እንቁላልን በሚያጠነክር ኬሚካል አዘጋጅቶ የህዋሱን ሽፋን በግልጽ ለማሳየት ሞከረ። በ1852 ህዋስ ከፈሳሽ አይፈጠርም፣ ከህዋስ ክፍፍል ይገኛል ብሎ አሳተመ። ፊርሾ ራሱ ቀደም ሲል የፈሳሹን ሐሳብ ይቀበል ነበር። በ1855 ግን «ህዋስ ሁሉ ከህዋስ» የሚለውን አባባል አነገበ፤ ለሬማክም ተገቢውን ዕውቅና አልሰጠም። ሬማክ አይሁዳዊ ነበር፤ ክርስትና አልነሳም በማለቱ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ወንበር ሳያገኝ ሞተ። ስሙን ከመማሪያ መጽሐፍ መተው ያን በደል መድገም ነው፤ ማስረጃው የእሱ ነውና።

የቤተ ሙከራ ትምህርታችንም ያው ጉድለት አለበት። የሽንኩርት ልጣጭ በአዮዲን ቀብተን እናሳይና ቲዎሪውን አሳየን እንላለን። ልጣጩ የሚያሳየው የመጀመሪያውን መርህ ነው፤ ማደጉን ያቆመ ስለሆነ የሚከፈል ህዋስ አይገኝበትም። ለሦስተኛው የሽንኩርት ሥር ያስፈልጋል። የሽንኩርቱን ቂጥ ብቻ ውኃ አስነክቶ ሥሩ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን መጠበቅ ነው። ከዚያ የጫፉን 2 ሚሊ ሜትር ቆርጦ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ደቂቃ ያህል ማቆየት። አሲዱ ህዋሳቱን ያጣበቀውን ያላላዋል። በውኃ አጥቦ ቶሉዲን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም መቀባት፣ መሸፈኛውን ስስ መስታወት አልብሶ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጎ መጫን። መስታወቱ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ህዋሳቱ ይቀደዳሉ፤ ካልተጫነ ይደራረቡና ክሮሞሶም (ህዋሱ ሲከፈል የሚታየው፣ የዘር መረጃ የተሸከመው ክር) አይለይም። በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት ከጫፉ ርቆ መቁረጥ ነው፤ እዚያ ያሉት ህዋሳት መከፈል ትተው መርዘም ጀምረዋል። ጫፉም ላይ ቢሆን አብዛኞቹ በዕረፍት መልክ፣ ማለትም ሳይከፈሉ ስለሚታዩ፣ ተማሪው በ400 እጥፍ ማጉያ ስላይዱን እያንቀሳቀሰ የሚፈልግበት በቂ ጊዜ ይሰጠው።