እርማት፦ ጃፓን ላይ የከፈሉት የጡረታ መዋጮ ቀልጦ አይቀርም

«ጃፓን ከውጭ ሠራተኛ ደመወዝ የምትቆርጠው የጡረታ መዋጮ አገር ለቆ ሲሄድ ውኃ በላው» የሚለው ወሬ ስህተት ነው። 6 ወርና ከዚያ በላይ ከፍሎ ለጡረታ የሚያበቃውን 10 ዓመት ያልሞላ ሰው ተመላሽ መጠየቅ ይችላል። ከ2021 ወዲህ የሚታሰበው እስከ 5 ዓመት ነው። የአሠሪው ድርሻ ግን አይመለስም።

ብዙዎች ገንዘቡን የሚያጡት በአካሄድ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው አገር እንደሚለቁ ያሳውቁ፤ አድራሻዎ ካልተዘጋ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ማመልከቻው አገር ከለቀቁ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ከፓስፖርት ቅጂ፣ ከጡረታ ቁጥርና በራስዎ ስም ካለ የባንክ ሒሳብ ማስረጃ ጋር ይላካል።

ሌላው የሚዘነጋው ግብሩ ነው። በወር 200,000 የን እየተከፈለው 3 ዓመት የሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ 660,000 የን ገደማ ይታሰብለታል፤ ከዚህ ላይ 20.42 በመቶ፣ 134,772 የን መሆኑ ነው፣ ተቆርጦ ይላካል። ጃፓን የሚኖር ሰው (ወዳጅም ይበቃል) በግብር ወኪልነት ካስመዘገበ ግን ይህም ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። አለመጠየቅ ገንዘብ መጣል ነው።

ተመላሹን የወሰደ የከፈለባቸው ዓመታት ይሰረዙበታል። እንደ ብራዚልና ፊሊፒንስ ከጃፓን ጋር ዓመታትን መደመር የሚፈቅድ የጡረታ ስምምነት ካለው አገር የመጣ ሰው ግን የሁለቱን አገር ዓመታት መደመር ስለሚችል፣ ከመፈረሙ በፊት ያስላው።